ያገለገለ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ

ያገለገለ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ በኢትዮጵያ ከተሞች ውስጥና በአጎራባች ከተሞች መካከል ሕዝብ ለማመላለስ በብዛት የሚያገለግል ቫን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሰው ይይዛል። በደቡብ ወሎ ከደሴ ተነስቶ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌና ወደ ኮምቦልቻ ይሠራል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዓላትና መስከረም 21 ቀን በሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ጊዜም ምእመናንን ከሚያደርሱ ተሽከርካሪዎች አንዱ ነው።

ብዙ ዓመት ያገለገለ ሃይኤስ በጥንካሬው ቢታወቅም፣ የባለቤትነት ወጪው በግዢ ዋጋው አይለካም። አብዛኛው ትልቅ ወጪ የሚመጣው በጊዜው ካልተሠራ ትንሽ ጥገና ነው። እንደ ደሴና ሐይቅ ባለ ከፍታው በሚለዋወጥ መስመር ላይ ደግሞ የሞተር ሙቀትና ፍሬን ከሁሉ በላይ ወሳኝ ናቸው፤ የመጀመሪያው የባለቤቱን ኪስ፣ ሁለተኛው የተሳፋሪውን ሕይወት ይነካል።

ትውልዶችና ስያሜዎች

ሃይኤስን የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሁለተኛው ትውልድ በ1977፣ ሦስተኛው በ1982፣ አራተኛው በ1989፣ አምስተኛው በ2004፣ ስድስተኛው በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ትውልድ ያሉት ናቸው። ሕዝቡ ለሞዴሎቹ የራሱን ስም አውጥቷል፤ ከእነዚህም «ዶልፊን» እና «አባዱላ» የታወቁ ናቸው።

በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ የሚገኙት የናፍጣ ሞተሮች በአብዛኛው 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) እና 5ኤል (2,986 ሲሲ) ናቸው። ሦስቱም አራት ሲሊንደር ያላቸው ሲሆኑ በሕዝብ ማመላለሻ ሃይኤሶች ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ተርቦ የሌላቸውና በሜካኒካል የነዳጅ ፓምፕ የሚሠሩ ናቸው። በአምስተኛው ትውልድ ላይ በብዛት የሚገኘው 2ኬዲ (2,494 ሲሲ) ግን ተርቦ ያለውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን በየትኛውም ከተማ ያለ መካኒክ ሊጠግናቸው ይችላል፤ የኋለኛው የመመርመሪያ መሣሪያና ልዩ ሙያ ይፈልጋል።

እስከ አምስተኛው ትውልድ ባሉት ሞዴሎች ሞተሩ የሚገኘው በሹፌሩና በጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ይህ አሠራር ለተሳፋሪ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በአንጻሩ ሞተሩ ታፍኖ ስለሚቀመጥ አየር በደንብ አያገኝም፤ የሚያፈስ ቱቦ ወይም የላላ ቺንጋም ወንበሩ ካልተነሳ በቀላሉ አይታይም።

የመስመሩ ጠባይ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ከደሴ በስተሰሜን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ 2,000 ሜትር አካባቢ ናት። መንገዱ በቦሩ ሜዳ በኩል አልፎ ወደ ሱሉላና ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም በውጫሌና በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ ይቀጥላል። በደቡብ በኩል ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ።

ከፍታ ሞተርን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱ እስከ ሩብ ያህል ይጎድላል። ሹፌሩ ዳገቱን ለመውጣት ነዳጅ ይጨምራል፤ አየር ያላገኘው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩም ይግላል።

ሁለተኛ፣ ውሃ በደሴ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሞተሩ በመደበኛ ሥራው ላይ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ስለሆነ የራዲያተሩ ውሃ እንዳይፈላ የሚጠብቀው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው። ደህና ክዳን የመፍያ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማይዝ ውሃው በቀላሉ ይገነፍላል። ለዚህ ነው ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የራዲያተር ክዳን ሙሉ ሞተርን ሊያስወጣ የሚችለው።

የተለመዱ ብልሽቶች

የማቀዝቀዣ ክፍል። ከክዳኑ ሌላ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያረጀ የውሃ ቱቦ፣ የማይከፈት ተርሞስታትና የደከመ የውሃ ፓምፕ የተለመዱ የሙቀት መንስኤዎች ናቸው። በኩላንት ፈንታ ዘወትር የተገኘውን ውሃ መሙላት ውስጡን ያዝገዋል፣ በማዕድን ቅርፊትም ይደፍነዋል። የሐይቅ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለውና ውሃው አልካላይን የሆነ ሐይቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ማዕድን ያዘለ ውሃ ለራዲያተር አይመከርም።

ቴስታታ። የ2ኤል እና የ3ኤል ሞተሮች የታወቀ ድክመት ቴስታታቸው ከመጠን በላይ ሲግል መሰንጠቁ ወይም መጣመሙ ነው። ምልክቶቹ በራዲያተር ውስጥ የሚታይ አረፋ፣ ያለ ምክንያት የሚጎድል ውሃ፣ ወተት የመሰለ የሞተር ዘይትና ጠዋት ሲነሳ የሚወጣ ብዙ ነጭ ጭስ ናቸው። ጓርኒሲዮን ብቻ ከተቃጠለ ጥገናው በንጽጽር ቀላል ነው፤ ቴስታታው ከተሰነጠቀ ግን መለወጥ ይኖርበታል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት መጨመር ስንጥቁን ያፋጥናል። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈትም ሹፌሩን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

ቺንጋዎች። የኤል ሞተሮችም ሆኑ 2ኬዲ የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ100,000 ወይም በየ150,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ሞተር እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል፤ ቺንጋ የመለወጥ ሥራ በዚያች ቅጽበት ሞተር የማውረድ ሥራ ይሆናል። የውጪው ቺንጋም ሊናቅ አይገባም። በኤል ሞተሮች ላይ የውሃ ፓምፑና ዲናሞው በውጪው ቺንጋ የሚዞሩ ሲሆን፣ ለፍሬን አጋዥ የሚሆነው የቫኪዩም ፓምፕም ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ማቀዝቀዣው፣ የባትሪ መሙያውና የፍሬኑ አጋዥ አብረው ይቆማሉ። ፍሬኑ ከድሮው ይልቅ እየጠነከረ ከመጣ የዲናሞውን ቫኪዩም ፓምፕ ማስመርመር ተገቢ ነው።

የነዳጅ ክፍል። የአሮጌዎቹ ሞተሮች ኖዝል የሚከፈተው በ100 እና በ150 ባር መካከል ባለ ግፊት ስለሆነ መጠነኛ ቆሻሻን ይታገሳል። በ2ኬዲ ላይ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ውሃ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹንና ፓምፑን በአጭር ጊዜ ያበላሻቸዋል። የነዳጅ እጥረት ሲኖር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ለዚህ ሞተር ትልቅ አደጋ ነው። የናፍጣ ፊልትሮን በወቅቱ መለወጥና በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ከሁሉ የሚቀል መከላከያ ነው።

ፍሬን። ሙሉ ጭነት የያዘ ሃይኤስ 2,800 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና 100 ሜትር ከፍታ በወረደ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል 2.7 ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ ይህም 8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ አየሩ፣ ጎማውና ሞተሩ ያልያዙት ሁሉ ወደ ፍሬን ሸራና ታምቡር ይገባል። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ከአየር ስለሚስብ በዕድሜው ብዛት የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን እርጥበት ከያዘ በኋላ ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ስለሚፈጥር ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት ባይጎድልም እንኳ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት።

በፎሌ መውረድ። አንዳንድ ሹፌሮች ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለትን ማርሽ አውጥተው ይወርዳሉ። ይህ ልማድ አደገኛ ብቻ ሳይሆን ለቁጠባም የማይረባ ነው። መኪናው በማርሽ እያለ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሳ ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የመኪናው ክብደት ይሆናል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ መኪናውን የመያዙ ሥራ ሁሉ ደግሞ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የቆየ የሹፌሮች ምክር በፊዚክስም ትክክል ነው።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና እግር። ዳገት ላይ እየቆሙ ሰው መጫን ፍሪሲዮንን ቶሎ ይበላል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። ካምቢዮው ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ወይም ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። የኋላው እግር በባሌስትራ የተሸከመ ስለሆነ ትርፍ መጫን ባሌስትራውን ይሰብራል ወይም ያጎብጠዋል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና የመሪ መገጣጠሚያዎቹ፣ የጎማ ኩሽኔታዎቹና ጎማዎቹ በፍጥነት ያልቃሉ።

ቦዲ። ቦዲውና ሻንሲው አንድ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወለሉ፣ በደረጃውና ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ያለ ዝገት የመኪናውን ጥንካሬ ይቀንሳል። የዕቃ መጫኛ ቫን ሆኖ ተሠርቶ በኋላ መስኮትና ወንበር የተበጀለት መኪና ከሆነ፣ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የታሰሩበት መንገድ በተለይ መታየት አለበት። በቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ የተበየደ ወንበር በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ከነተሳፋሪው ወደፊት ይወረወራል።

የጭስ ምልክቶች

የጭስ ቀለም ያለ መሣሪያ ሊነበብ የሚችል ምልክት ነው።

– ጥቁር ጭስ፦ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል። የአየር ፊልትሮ፣ ኖዝልና የፓምፕ ልክ ይታያሉ። በከፍታ ቦታ መጠነኛ ጥቁር ጭስ ዳገት ላይ ሊኖር ይችላል።
– ሰማያዊ ጭስ፦ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። የፒስተን ፋሻዎች ወይም የቫልቭ ጎሚኖች አልቀዋል።
– ነጭ ጭስ፦ ጠዋት ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ካንዴሌታ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ ችግር ያመለክታል።

የባለቤትነት ወጪ

ወጪዎቹ መኪናው ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈሉና በተጓዘው ርቀት ልክ የሚጨምሩ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የዓመታዊ ምርመራና የቦሎ ክፍያ፣ ግብርና የማኅበር መዋጮ ይገኛሉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዲነዳ አይፈቀድም።

ሁለተኛዎቹን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይጠቅማል። አንድ ሚኒባስ በደሴና በሐይቅ መካከል በቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢሠራ 168 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 4,200፣ በዓመት ደግሞ 50,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሌት፦

– በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወር 420 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል።
– የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ በዓመት 10 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ቢወስድ በድምሩ 60 ሊትር ያስፈልጋል።
– አራት ጎማ ለ50,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በየዓመቱ አንድ ሙሉ ለውጥ ይጠይቃል።
– በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለወጥ የታይሚንግ ቺንጋ በየሁለት ዓመቱ ይደርሳል።
– ሞተሩ በ200,000 ኪሎ ሜትር መታደስ ቢያስፈልገው ወጪው የሚመጣው በአራት ዓመት ገደማ ነው። ያን ገንዘብ ለማግኘት ከአጠቃላይ ወጪው 48ኛ ክፍል በየወሩ መቀመጥ አለበት።

ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው። ናፍጣና ዘይት በየቀኑ ስለሚታዩ ይቆጠራሉ፤ ቺንጋና ሞተር ግን እስኪደርሱ ድረስ ወጪ አይመስሉም። በየወሩ እጅ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ተብሎ ከተበላ ሞተሩ ሲወርድ የሚከፈለው በብድር ወይም በዕቁብ ይሆናል። ምሳሌው እንደሚያሳየው ቦሎ የሚታደሰው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በሁለት ምርመራ መካከል መኪናው 50,000 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ስለዚህ ቦሎ መኖሩ ፍሬኑ ዛሬ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የገቢ ስምምነት

መኪናውን ባለቤቱ ራሱ የማይነዳው ከሆነ የተለመደው አሠራር ሹፌሩ በቀን የተወሰነ ገቢ ለባለቤቱ ማስረከቡ ነው። ናፍጣው ከዕለቱ ሒሳብ ይወጣል፤ የቀረው የሹፌሩና የረዳቱ ነው። ትልልቅ ጥገና የባለቤቱ ድርሻ ነው። በዚህ ስምምነት የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል መኪናውን ማቆም ለሹፌሩ ተራውንና የዕለት ገቢውን ያሳጣዋል፤ ሳያቆም ከቀጠለ ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በባለቤቱ ላይ ነው። ትርፍ መጫንም እንዲሁ ነው፤ ጥቅሙ የዛሬ፣ የሚሰበረው ባሌስትራና የሚያልቀው ሸራ የነገ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ለብልሽት በቆመ ቀን ገቢ ባለመጠየቅ ወይም ከዕለት ገቢው ለጥገና የሚቀመጥ ድርሻ በጋራ በመወሰን ይህን ያስታርቁታል።

የዋጋ ለውጦች

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አድርጓል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ሲወሰን ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር የሚከፈል የታለመ ድጎማ ተዘርግቶ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ አብዛኛው መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የጥገና ወጪም አብሮ ናረ።

እነዚህ ለውጦች በአገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው እንዳይወድቅ፣ አንዳንዴም እንዲጨምር አድርገዋል። በዚህም ምክንያት ሚኒባስ እንደ ቁጠባ ይታያል። ነገር ግን በብር የተገዛበትን ዋጋ ይዞ የቆየ መኪና ሞተሩና ቦዲው አላረጁም ማለት አይደለም። በመሸጫው ዋጋና ሌላ ተመጣጣኝ መኪና ለመግዛት በሚያስፈልገው ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛውን ኪሳራ ወይም ትርፍ ያሳያል።

ለመለዋወጫ ዋናው ገበያ በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ነው። ገዢው ከአዲስ ኦሪጅናል፣ ከሌላ ፋብሪካ ምትክና ከሌላ መኪና ከተፈታ ዕቃ ይመርጣል። እንደ በርና መብራት ባሉት ላይ የተፈታ ዕቃ ቢገዛ ችግር የለውም። ለታይሚንግ ቺንጋ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ጎሚኖችና ለመሪ መገጣጠሚያዎች ግን ያገለገለ ዕቃ መግዛት አይመከርም።

ከግዢ በፊት የሚታዩ ነገሮች

– ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማስነሳት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የጠዋቱ ጭስና የማስነሳት ችግር ይደበቃል።
– ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ የውሃውን ቀለም፣ ሞተሩ ሲነሳም አረፋ መኖሩን ማየት።
– የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከትራንስፖርት ቢሮ ማረጋገጥ።
– የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ መጠየቅ። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ወጪውን ከዋጋው ላይ መቀነስ።
– በገለልተኛ መካኒክ ከሥር ማስመርመር፣ ከዚያም ሰው ጭኖ ዳገትና ቁልቁለት ላይ መሞከር። ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ሲነዳ ሙቀቱም ሆነ የፍሬኑ ድክመት ላይታይ ይችላል።
– መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ የመሪውና የፍሬኑ አገጣጠም በተለይ ማስመርመር።

የአገልግሎት ማብቂያ

አሮጌ ሃይኤስ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ተለዋውጠው ለብዙ ዓመታት ሊሠራ ስለሚችል ዕድሜው የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ በቦዲው ነው። ባሌስትራና መሪ የሚታሰሩበት ብረት ከበሰበሰ በብየዳ የሚገኘው ጥንካሬ አስተማማኝ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና ሞተሩ ደህና ቢሆንም ከሕዝብ ማመላለሻ ወጥቶ ለመለዋወጫ ሲፈታ ለባለቤቱ የተወሰነ ገንዘብ ይመልሳል፣ ተሳፋሪንም ከአደጋ ያድናል።